ምጥን አጥሚት በጠርሙስ፦ ለአራስ እናት የሚሆን የቤት ስጦታ



በውጭ አገር በገና ሰሞን የታወቀ አንድ ልማድ አለ። ዱቄት፣ ስኳርና ሌላም ደረቅ ነገር በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ በየተራ ይደረደራል፤ በአንገቱ ላይ የአሠራሩ ጽሑፍ ይታሰራል፤ ተቀባዩም ቅቤና እንቁላል ብቻ ጨምሮ ብስኩት ይጋግራል። ይህንኑ ለመካነ ሰላምና ለአካባቢው እናቶች ብናደርገውስ ብላችሁ የምታስቡ ትኖራላችሁ። አሳቡ መልካም ነው፤ በጠርሙሱ የሚገባው ግን መለወጥ አለበት። በደጋው የገጠር ቤት የሚገኘው ምጣድና ድስት እንጂ የብስኩት ምድጃ አይደለም። ደግሞም ለዚህ የሚሆን የራሳችን ነገር አለን፤ ይኸውም አራስ ስንጠይቅ ይዘን የምንሄደው የአጥሚት ዱቄት ነው።

ከራሷ ጎተራ የሚሞላ ስጦታ

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ገብስ፣ ስንዴና አተር ይበቅላል፤ ሽንብራው ከወይና ደጋው ወደ ገበያ ይወጣል። ስጦታችንም ከዚሁ እህል ቢሆን ይመረጣል። በ1965/66 እና በ1977 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረሃብ ጊዜ የእርዳታ እህል የብዙዎችን ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን የእርዳታ ዱቄት ከረጢቱ ባለቀ ጊዜ አብሮ ያልቃል። ምጥኑን ያወቀች እናት ግን ጠርሙሱን ከገዛ ጎተራዋ መልሳ ትሞላዋለች። እንግዲህ የምንሰጠው ዱቄቱን ብቻ ሳይሆን ዕውቀቱንም ነው።

ምጥኑ ቀላል ነው፦ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ምክንያቱም ሰውነትን ከሚገነቡት ነገሮች አንዱ፣ ላይሲን የሚባለው፣ በእህል ውስጥ ያንሳል፤ ጥራጥሬ ግን አለው። ጥራጥሬ የሚያንሰውን ሜታዮኒን ደግሞ እህል ያሟላል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። በአገራችን የታወቁት ፋፋና ፋሚክስም የቆሙት እህልን ከጥራጥሬ በማዛመድ ላይ ነው።

አዘገጃጀቱ

አንድ ሊትር ለሚይዝ አፈ ሰፊ ጠርሙስ የሚያስፈልገው ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴና ሽንብራ ነው። የእያንዳንዱ ዱቄት አንድ አንድ ብርጭቆ፣ ይኸውም ሩብ ሩብ ሊትር ይሆናል። አጃ ከታጣ ገብሱን ሁለት ብርጭቆ ማድረግ፣ ሽንብራ ከታጣ በአተር መተካት ይቻላል።

1. እህሉ በደንብ ይለቀም። የሻገተና የነቀዘ ይጣል። ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል በማመስ ይጠፋል ተብሎ አይታለፍ።

2. ገብሱና አጃው ከገለባው ይለይ፤ ሁሉም ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ። ከዚያ እያንዳንዱ ለየብቻው ሽታው እስኪያውድ ድረስ ይታመስ፤ ማረር ግን የለበትም። ሽንብራው ተከክቶ ገለባው ይነሣ።

3. ለየብቻው ተፈጭቶ ይነፋ። ዱቄቱ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ አይግባ፤ ትኩስ ዱቄት ያልባል፣ ላቡም ያሻግታል።

4. ጠርሙሱና ክዳኑ ታጥበው በሚገባ ይድረቁ። ከታች ገብሱ፣ በላዩ ሽንብራው፣ ቀጥሎ አጃው፣ በመጨረሻም ስንዴው ይግባ። እያንዳንዱ ድርብ በማንኪያ ጀርባ ጠቅ ጠቅ ይደረግ። ከላይ ባዶ ቦታ ከቀረ ንጹሕ ወረቀት ይጠቅጠቅበት፤ አለዚያ በመንገዱ መንገጫገጭ ድርቡ ይፈርሳል።

ተልባ ወይም ኦቾሎኒ አትጨምሩ፤ ዘይት ስላላቸው ከተፈጩ በኋላ ቶሎ ይበላሻሉ። ስኳርም አያስፈልግም። እንዲህ የተዘጋጀው በ2 ወር ውስጥ ቢበላ መልካም ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ከጥራጥሬው ጋር ጓያ እንዳይቀላቀል ተጠንቀቁ። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም በችግር ዘመን ይበላል፤ ለብዙ ሳምንታት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይድንም። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሽባ ሆኗል።

በጠርሙሱ አንገት የሚታሰረው ጽሑፍ

ጽሑፉ አጭር ይሁን፤ በትልልቅ ፊደልም ይጻፍ። ከሁሉ አስቀድሞ፣ «ይህ ለእናት ነው፤ 6 ወር ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም» የሚል ይኑርበት። ሕፃኑ እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል። ይህ ቃል ካልተጻፈ በፍቅር ያመጣነው ስጦታ ሕፃኑን ከጡት ሊያርቀው ይችላል።

ቀጥሎ አሠራሩ ይጻፍ፦ ዱቄቱ ሁሉ መጀመሪያ ተገልብጦ በደንብ ይደባለቅ፤ አለዚያ እናቲቱ በመጀመሪያው ሰሞን ስንዴ ብቻ፣ በመጨረሻው ገብስ ብቻ ትጠጣለች። 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ግማሽ ሊትር በሚሆን የፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ ይጨመር፤ 20 ደቂቃ ያህል ይብሰል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ መቸኮል አይገባም። ቅቤና ማር እንደ ቤቱ አቅም ይጨመራል።

ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ከጡት ወተት ጋር ከዚሁ ዱቄት ገንፎ ይሠራለታል። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን። ማር ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም።

ማንበብ የማትችል እናት ብትኖር ጠያቂዋ ቁጭ ብላ ጽሑፉን ታንብብላት፤ የመጀመሪያውንም አጥሚት አብራት ታብስል። ከጽሑፉ ይልቅ ይህ ይጠቅማል።

አሰጣጡ

ከሩቅ ያላችሁ ዱቄት ጭናችሁ ከመላክ ይልቅ ባዶ ጠርሙስ ሰብስቡ፤ እህሉ ከዚያው ከደጋው ገበያ ቢገዛ ገንዘቡ ለገበሬው ይደርሳል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና ይኖራሉና ጠርሙሱ ያለ ልዩነት ለተቸገረች አራስ ሁሉ ይሰጥ። ማባበያ አይሁን፤ ምላሽም አይጠየቅበት። ወተትና ቅቤ ስለሌለበትም በጾም ወራት ለቤተ ሰቡ ይሆናል።

በሰራፕታ የነበረችውን መበለት እናስታውስ። በማድጋዋ የቀረው አንድ እፍኝ ዱቄት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን በዚያችው ማድጋ ቤቷን መገበ። ባዕድ ማድጋ አላመጣላትም፤ የነበራትን ባረከ። እኛም በክረምቱ ወራት፣ የዓምናው እህል ተሟጥጦ አዲሱ ባልደረሰበት ጊዜ፣ አንዲት እናት ጠርሙሷን ከራሷ እህል መልሳ ስትሞላ ብናይ ስጦታችን ፍሬ አፈራ ማለት ነው።

ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።