ስንት ይሄዳል?

ፈጣን ጀልባ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። ባለቤቱም መልሱ አፉ ላይ ነው፤ «130!» ይላል። ጀልባ መፈተን ሙያው የሆነ ሰው ግን ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። በምን ተለካ? ነፋሱ ከፊት ነበር ከኋላ? ታንከሩ ውስጥ ምን ያህል ነዳጅ ነበር? ስንት ሰው ተሳፍሯል? በዚያ ፍጥነትስ መሪው እጅ ላይ እንዴት ነበር?

የምናወራው አውትቦርድ ስለሚባለው፣ በጀልባው የኋላ ግድግዳ ላይ ከውጭ ስለሚታሰረው ሞተር ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ወደ ጣና ገዳማት የተጓዘ ሰው ዓይቶት ይሆናል፤ ሞተሩ ከላይ፣ ረጅም እግሩ ከታች፣ በእግሩ ጫፍ ፕሮፔለሩ። የሽርሽር ጀልባ ትንሽ ሞተር ይበቃዋል። ለፍጥነት በተሠራና አንድ ቶን በማይሞላ ጀልባ ላይ ግን 300 የፈረስ ጉልበት ሊታሰር ይችላል። መሪው የሚያዞረው ሞተሩን ራሱን ነው፤ ጀልባው የሚታጠፈው ፕሮፔለሩ በሚገፋበት አቅጣጫ ነው። ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ግፊቱ ስለሚጠፋ መሪው አብሮ ይደክማል። መኪና የለመደ ሰው ይህችን ቶሎ አይቀበላትም።

ፋብሪካዎች ፈተናን እንደ ቀልድ አያዩትም። የመርኩሪ ሞተር ፋብሪካ መሥራች ካርል ኪክሄፈር እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በደንና በረግረግ የተከበበ አንድ ሐይቅ መፈተኛ አደረገ። የሐይቁ ስም ኮንሊን ነው፤ ኪክሄፈር ግን የተፎካካሪ ዓይን እንዳያርፍበት «ሌክ ኤክስ» አለው። በዚያው ዓመት ሁለት ጀልባዎች ሌትና ቀን እየዞሩ፣ ነዳጅም ሳይቆሙ እየተቀዳላቸው፣ ከ40,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዱበት፤ ምድርን በወገቧ አንድ ጊዜ እንደ መዞር ነው። ያ የሞተር ጽናት ፈተና ነበር። የፍጥነትና የአነዳድ ፈተና በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል፤ የሚጠይቀው ንቃት ግን አያንስም።

ከፍጥነት እንጀምር። የድሮ ጀልባዎች ፍጥነት መቁጠሪያ በትንሽ ቱቦ የሚገባን የውኃ ግፊት ነበር የሚለካው። ቱቦው በሣር ይደፈናል፣ ይጣመማል፤ ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ልቡ ነው። ዛሬ የሚታመነው ጂፒኤስ ነው። እሱም ቢሆን ነፋስና ጅረት ያገዙትን ፍጥነት ከጀልባው ጉልበት አይለይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በአንዱ አቅጣጫ ሄዶ፣ በዚያው መስመር ተመልሶ፣ የሁለቱን አማካይ መውሰድ። የዓለም የውኃ ላይ ፍጥነት ክብረ ወሰንም የሚጸድቀው እንዲሁ በደርሶ መልስ ነው። አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፤ መስታወት የመሰለ ጸጥ ያለ ውኃ ለፍጥነት አይመችም። ለስላሳው ውኃ የጀልባውን ሆድ ይዞ ይጎትታል፤ ትንሽ ሽብሽብ ሲል ግን አየር በመካከል ገብቶ ያላቅቀዋል።

አሁን ወደዚያ 130 እንመለስ። ፕሮፔለርን እንጨት ውስጥ እንደሚገባ ቪቴ አስቡት። አንድ ዙር ሲዞር የተወሰነ ርቀት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ይህ ርቀት ፒች ይባላል። ፒቹ 26 ኢንች፣ ማለትም 66 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሞተሩ በደቂቃ 5,800 ዙር ይዞራል፤ በእግሩ ውስጥ ባለው ማርሽ ምክንያት ግን ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ እስኪዞር ሞተሩ 1.75 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 3,314 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህን በ66 ሴንቲ ሜትር ብናባዛው በሰዓት 131 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ባለቤቱ ያለን ቁጥር ይኸው ነው፤ ያገኘው በወረቀት ላይ ነው።

ውኃ ግን እንጨት አይደለም፤ ይሸሻል። ጂፒኤሱ በደርሶ መልስ 118 ቢያሳይ፣ በመካከል የጠፋው 10 በመቶ መንሸራተት ይባላል። በደንብ በተስተካከለ ፈጣን ጀልባ ከ5 እስከ 15 በመቶ የተለመደ ነው። ወደ 25 ከወጣ ፕሮፔለሩ አልገጠመም፣ ወይም ሞተሩ ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ታስሯል። ምንም መንሸራተት የለም የሚል ሒሳብ ከመጣ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ ወይ የዙር መቁጠሪያው ይዋሻል ወይ ፕሮፔለሩ ላይ የተጻፈው ፒች ልክ አይደለም። ለእኔ ከጠቅላላው ፈተና ይህችን ሒሳብ የሚያህል የለም፤ ጉራን ከመረጃ በአንድ መስመር ትለያለች።

ቦታውም ለውጥ ያመጣል። ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሣሪያ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። በፍሎሪዳ 300 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ጣና ላይ ወደ 245 ይወርዳል። ፒቹ አነስ ያለ ፕሮፔለር ካልተደረገለት ሞተሩ የሚፈለገውን ዙር አይሞላም።

አነዳዱ ግን በካልኩሌተር አይገኝም። የመጀመሪያው መሣሪያ ትሪም ነው፤ ነጂው በቁልፍ ሞተሩን ወደ ጀልባው ያስጠጋዋል ወይም ያርቀዋል። ሲጠጋ የጀልባው አፍንጫ ውኃውን ይነክሳል፣ ሲርቅ ይነሣል። ፈታኙ ሞተሩን በጥቂት በጥቂቱ እያራቀ ፍጥነቱን ይመዘግባል፤ ሆዱ ከውኃ ሲላቀቅ ፍጥነቱ ይጨምራል። ልኩ ሲታለፍ አፍንጫው ብድግ ቁጭ ማለት ይጀምራል፣ ፕሮፔለሩም ከላይ አየር ይስብና ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው መሄዱን ይተዋል። በዚህ ጊዜ ዓይን የማቀዝቀዣውን የውኃ ግፊት መለኪያ መተው የለበትም፤ ሞተሩ ከፍ ብሎ ከታሰረ ውኃ መሳቢያው አየር ስቦ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ከዚያ የሚመጣው ነጂን ከነጂ የሚለየው ነው። ሆዱ ሹል የሆነ ጀልባ በጣም ሲፈጥን በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ ብቻ ይቆምና እንደ ሰከረ ሰው ከጎን ወደ ጎን መወላገድ ይጀምራል። አዲስ ነጂ ይህን በመሪ ለማረም ይሞክራል፤ እጁ ከጀልባው አንድ እርምጃ ስለሚዘገይ መወላገዱን ያባብሰዋል። ነዳጁን ባንዴ መቁረጥም መድኃኒት አይደለም፤ አፍንጫው ዘፍ ይልና ጀልባው በራሱ ዙሪያ ሊሽከረከር ይችላል። የሚሻለው ነዳጁን ቀስ ብሎ መቀነስ፣ ትሪሙንም ጥቂት ማስገባት ነው። ፈታኙ መወላገዱ በስንት ኪሎ ሜትር እንደጀመረ ይጽፋል። ያ ቁጥር ከከፍተኛው ፍጥነት ይልቅ ስለ ጀልባው ጠባይ ይናገራል።

መታጠፍ ሌላው ነው። በሻርጃ የምትኖሩ በኻሊድ ላጉን ዳር ቆማችሁ የፎርሙላ ዋን ጀልባዎችን ውድድር ዓይታችሁ ከሆነ፣ በአውትቦርድ እየተገፉ በምልክቱ ዙሪያ እጥፍ ሲሉ ታስታውሳላችሁ። ተራው ጀልባ እንደዚያ አይደፈርም። ፈታኙ ከዝግታ እየጀመረ በሁለቱም በኩል ይታጠፋል፤ በአንዱ ጎን ጨዋ የሆነ በሌላው ሊያምጽ ይችላል፤ ፕሮፔለሩ የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ነውና።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በሕይወት ማዳኛ ጃኬትና በማጥፊያ ገመድ ነው። ገመዱ ከነጂው ጋር ይታሰራል፤ ሰውየው ከወንበሩ ሲወረወር ሞተሩ ይጠፋል። በአሜሪካ ከ26 ጫማ ባነሱ ጀልባዎች ላይ መጠቀሙ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ግዴታ ሆኗል።

ጥሩ ፈታኝ በመጨረሻ ታንከሩን ሞልቶ፣ አራት ሰው አሳፍሮ ሁሉንም እንደገና ይጀምራል። በወረቀት 131፣ በጂፒኤስ 118 የነበረው ጀልባ አሁን 105 ላይ ሞተሩ ዙር አልሞላ ብሎት ያቃስታል። ባለቤቱ ቅዳሜ ልጆቹን ይዞ የሚወጣው በዚህኛው ነው።