በጎርፍ የተጎዳ የኤሌክትሪክ መኪና «አይነሣም» ሲባል፦ የምርመራ ቅደም ተከተል በኒሳን ሊፍ ምሳሌነት

በጎርፍ ተውጦ በመድን ሰጪው ሙሉ ኪሳራ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ለጨረታ ሲቀርብ ዋጋው ከተመሳሳይ ጤነኛ መኪና እጅግ ያንሳል። ስለ ሁኔታው ለገዢው የሚነገረውም ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አይነሣም»። በአሜሪካ የጨረታ ሜዳዎች የሚሸጡ እንዲህ ያሉ መኪኖች ወደ ጆርጂያ፣ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እየተላኩ ይጠገናሉ። በኤምሬቶቹ ራሳቸው ኤፕሪል 16 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ አካባቢ በአንድ ቀን ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጥሎ መንገዶችን ከነመኪኖቻቸው አጥለቅልቋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ጉዳዩ ለአገር ውስጥ ጋራዦችም ሩቅ አይደለም።

በቤንዚን መኪና አለመነሣት ብልሽት ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ የመኪናው ውሳኔ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ኒሳን ሊፍ ባትሪ 192 ሴሎች አሉት። ሴሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ 96ቱ ጥንዶች በተከታታይ ተያይዘው 360 ቮልት ገደማ ይሰጣሉ። መኪናው ሲቆም በባትሪው ሳጥን ውስጥ ያሉት ዋና ሪሌዮች ግንኙነቱን ስለሚያቋርጡ ይህ ቮልቴጅ ከሳጥኑ አይወጣም። ሪሌዮቹን መልሶ የሚያገናኛቸው እንደ ማንኛውም መኪና ያለው ተራው የ12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ይኸውም ተቆጣጣሪ ኮምፒውተሮቹ ሁሉም ነገር ደኅና መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው። የ12 ቮልቱ ባትሪ የሚሞላው ደግሞ ሪሌዮቹ ሲገናኙ ብቻ ስለሆነ፣ እርሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ መርማሪው በመጀመሪያ መለየት ያለበት ዳሽቦርዱ ጭራሽ የማይበራበትን ሁኔታና ዳሽቦርዱ በርቶ የዝግጁነት ምልክቱ የማይመጣበትን ሁኔታ ነው። ፊተኛው ወደ ዝቅተኛው ቮልቴጅ፣ ኋለኛው ወደ እምቢታው ምክንያት ይመራል።

ከማንኛውም ሙከራ በፊት ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ ውኃው እስከ የት ደረሰ? ምን ዓይነት ውኃስ ነበር? ከፍታውን ከመቀመጫ ቀበቶው መጠቅለያ፣ ከምንጣፉ ሥርና ከበሮች ውስጥ ከቀረው የጭቃ መስመር ማንበብ ይቻላል። የሊፍ ባትሪ ከወለሉ በታች ስለሆነ ውኃው መቀመጫ ከነካ ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ ነበር ማለት ነው። የሥሪቱ ዓመትም ለውጥ ያመጣል፤ በ2011 እና በ2012 ሞዴሎች ቻርጀሩ ከኋላ ወንበር በስተጀርባ ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ በተሠራው የ2013 ሞዴል ወደ ፊት መከደኛ ሥር ተዛውሯል።

የውኃው ዓይነት ከከፍታው ይበልጥ ወሳኝ ነው። የባሕር ውኃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው ስለሚይዝ ኤሌክትሪክን ከወንዝ ውኃ በአብዛኛው ከመቶ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። ሲደርቅም ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ በሁለት ብረቶች መካከል ድልድይ ይሠራል። ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 2022 እ.ኤ.አ. ፍሎሪዳን ሲመታ በባሕር ውኃ የሰጠሙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውኃው ከሸሸ ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ በእሳት የተያያዙት ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው መኪና ከሕንፃና ከሌሎች መኪኖች ቢያንስ 15 ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ይመከራል።

በ12 ቮልቱ በኩል የተለመደው ስሕተት ከሌላ መኪና ኃይል አበድሮ ደጋግሞ መሞከር ነው። እርጥብ ሰርኪዩት ላይ ኃይል በቆየ ቁጥር መዳቡ በኤሌክትሮሊሲስ እየተበላ ይሄዳል፤ ብዙ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን የሚገድላቸውም ከጎርፉ ይልቅ ይህ ሙከራ ነው። ተገቢው መንገድ የ12 ቮልቱን ባትሪ መንቀል፣ ኮኔክተሮቹን ፈትቶ በተጣራ ውኃና በአይሶፕሮፒል አልኮል ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ ከዚያም የጅረት መጠኑ ከተገደበ የኃይል ምንጭ መመገብ ነው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ጥቂት ቆይቶ መኪናው «ሲተኛ» የሚስበው ጅረት በሚሊ አምፔር የሚቆጠር መሆን አለበት። በአምፔር የሚቆጠር ከሆነ አንድ እርጥብ ክፍል አለ፤ ፊውዞችን አንድ በአንድ በመንቀል የቱ እንደሆነ ይገኛል።

ዝቅተኛው ቮልቴጅ ሲመለስ ትልቁ ባትሪ ሪሌዮቹ ሳይገናኙም መናገር ይጀምራል። ተቆጣጣሪው ኮምፒውተር በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ በ12 ቮልት ስለሚሠራ፣ እንደ ሊፍ ስፓይ ያለ መተግበሪያ የ96ቱን ጥንዶች ቮልቴጅ ያሳያል። አንድ ንባብ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ንባቡ ለጥቂት ቀናት ሲደጋገም፣ ከሌሎቹ ተለይቶ እየወረደ የሚሄድ ጥንድ ካለ ጅረት በሳጥኑ ውስጥ እየሾለከ መሆኑ ይጠረጠራል።

የዝግጁነት ምልክት የማይመጣበት ዋናው ጥርጣሬ የኢንሱሌሽን መዳከም ነው። የ12 ቮልቱ ባትሪ ኔጌቲቭ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ሲሆን፣ የከፍተኛው ቮልቴጅ ሁለቱም ጫፎች ግን ከአካሉ ተነጥለው ይቀመጣሉ። አንዱ ጫፍ ብቻ ቢነካካ ጅረቱ የሚዞርበት መንገድ ስለማያገኝ ሰው ላይጎዳ ይችላል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ግን አካሉን የነካ ሰው የሰርኪዩቱ አካል ይሆናል። መኪናው ፒ0ኤኤ6 የሚለውን የስሕተት ኮድ የሚያወጣው የመጀመሪያውን መዳከም ሲያገኝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 100 ለቀጥተኛ ጅረት በትንሹ በአንድ ቮልት 100 ኦም ይጠይቃል፤ ለ360 ቮልት 36 ኪሎ ኦም ማለት ነው። ጤነኛ መኪና በሜጋ ኦም የሚቆጠር ስለሚያሳይ፣ ከዝቅተኛው ወሰን ጥቂት ከፍ ያለ ንባብ ጎርፍ ባየ መኪና ላይ የሚያጽናና አይደለም።

ተራ መልቲሜትር በጥቂት ቮልት ስለሚለካ እዚህ ያታልላል። ከሳጥኑ ውጭ ላሉት ክፍሎች በ500 ቮልት የሚለካ ሜገር ያስፈልጋል፤ እርሱም የአገልግሎት መሰኪያው ከተነቀለ፣ ካፓሲተሮቹ እንዲፈስሱ ቢያንስ 10 ደቂቃ ከተጠበቀና የ1000 ቮልት ጓንት ከተደረገ በኋላ ነው። ኢንቨርተሩ፣ ቻርጀሩ፣ ማሞቂያውና የአየር ማቀዝቀዣው ኮምፕረሰር አንድ በአንድ ሲነጠሉ ንባቡ ድንገት ከፍ ያለበት ክፍል ተጠያቂው ነው። ባትሪው ራሱ ቮልቴጅ ስላለው በሜገር አይለካም፤ በሠለጠነ ሰው፣ በቮልቲሜትርና መጠኑ በታወቀ ሬዚስተር ይሰላል። ለምሳሌ ያህል፣ በ360 ቮልት ባትሪ ከአንዱ ጫፍ እስከ አካሉ 300፣ ከሌላው 60 ቮልት ቢነበብ፣ በ300ው በኩል 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሲጨመርም ንባቡ ወደ 240 ቢወርድ፣ የደካማው ጫፍ ኢንሱሌሽን 30 ኪሎ ኦም ነው። ከወሰኑ በታች ስለሆነ መኪናው አልነሣም ማለቱ ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የኢንተርሎክ መስመር ነው። ይህ በከፍተኛ ቮልቴጅ መሰኪያዎች ሁሉ የሚያልፍ ቀጭን የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሰርኪዩት ሲሆን፣ አንዲት የዛገች ፒን ልታቋርጠው ትችላለች። አንዳንድ ጠጋኞች እዚህ ላይ መስመሩን በሽቦ አቋርጠው ያገናኙታል፤ መኪናውም ይነሣል። ይህ ግን ምርመራውን በሽቦ መዝጋት ነው፤ ውኃ የገባበት መሰኪያ እዚያው እንዳለ 360 ቮልት ይለቀቅበታልና። የዛገው ፒን መሰኪያው ውኃ ማስገባቱን የሚመሰክር ስለሆነ፣ መሰኪያው መለወጥ፣ የሚያገናኘው ክፍልም በሜገር መለካት አለበት።

ንጹሕ ውኃ የገባበት፣ የሳጥኑ ማኅተም ያልተነካ፣ ከደረቀ በኋላ ኢንሱሌሽኑ ለሳምንታት በሜጋ ኦም የጸና መኪና በተለወጡ ኮምፒውተሮችና ሽቦዎች ሊመለስ ይችላል። የባሕር ውኃ ወደ ሳጥኑ የገባበት ባትሪ ግን ንባቡ ዛሬ መልካም ቢሆንም ለመኪናም ሆነ ለቤት የፀሐይ ኃይል ማከማቻነት መዋል የለበትም፤ ጨው በሴሎቹ መካከል የጀመረውን ሥራ ከውጭ የሚያሳይ መሣሪያ የለም። የባትሪው መለወጫ ዋጋ ሲደመር የጨረታው ርካሽነት የት እንደሚደርስ ገዢው ሊያሰላው የሚገባው ከመጫረቱ በፊት ነው።