ከዘመቻ መልስ የሰፈር ሥራ

ወታደር ከዘመቻ ሲመለስ ቤተሰቡ በእልልታ ይቀበለዋል፡፡ ይሁን እንጂ የደስታው ሰሞን ካለፈ በኋላ በብዙ ቤት ሌላ ችግር ይከተላል፡፡ ትናንት የጓዶቹ አለኝታ የነበረው ሰው ዛሬ የሚፈልገው እንደሌለ ሲሰማው ከሰው ተለይቶ ብቻውን መቀመጥን ይመርጣል፡፡ የዚህን ዝምታ ሸክም ከሁሉ አስቀድማ የምትሸከመው ሚስቱ ወይም እናቱ ናት፡፡

በአሜሪካ ይህንን ችግር ለማቃለል እ.ኤ.አ. በ2007 «ዘ ሚሽን ኮንቲኒውስ» የተባለ ድርጅት ተቋቁሟል፡፡ ትርጉሙ «ተልዕኮው ይቀጥላል» ማለት ነው፡፡ ከኢራቅ የተመለሰ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ሆስፒታል የተኙ ቁስለኞችን ሲጠይቅ፣ አሁንም አገራቸውን ማገልገል እንደሚሹ ነገሩት፡፡ የፈለጉት ምስጋና ብቻ ሳይሆን ሥራ ጭምር ነበር፡፡ የድርጅቱ መነሻ ገንዘብም የመኮንኑ የዘመቻ አበልና የጓደኞቹ የአካል ጉዳት አበል ነበር፡፡

የቀድሞ ወታደሮቹ፣ ሴቶችም ወንዶችም፣ እንደ ጦር ክፍል በቡድን ተደራጅተው ችግር የጠናባቸውን የከተማ ሰፈሮች ያገለግላሉ፡፡ ከእነዚህ ከተሞች አንዷ ዲትሮይት ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1950 የዲትሮይት ሕዝብ 1.8 ሚሊዮን ያህል ነበር፡፡ የመኪና ፋብሪካዎች ሲዘጉና ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሲፈልስ በ2010 ወደ 714 ሺህ ወረደ፡፡ በ2013 የከተማው አስተዳደር ዕዳውን መክፈል እንዳቃተው አስታወቀ፡፡ በ2014 በተደረገ ቆጠራም የፈራረሱ ወይም ለመፍረስ የተቃረቡ ቤቶችና የተጎሳቆሉ ባዶ ቦታዎች ከ84 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ፡፡

ይህ ቁጥር ለእናት ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም፡፡ ልጅዋ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው መስኮታቸው በተሰባበረ ባዶ ቤቶችና ሰው በሚሰውር ረጅም ሣር መካከል ነው፡፡ ልጁ እስኪመለስ ድረስ ልቧ አያርፍም፡፡

በሰኔ ወር 2016 ከልዩ ልዩ ክፍላተ አገር የመጡ የቀድሞ ወታደሮች በዲትሮይት ለአንድ ሳምንት በአንድነት ሠሩ፡፡ የድርጅቱ በጎ ፈቃደኞች በየከተማው የሚሠሩት ሥራ ቀላል ይምሰል እንጂ ጠቃሚ ነው፤ የትምህርት ቤት ግድግዳ ይቀባሉ፣ የአትክልት መደብ ያዘጋጃሉ፣ የልጆች መጫወቻ ይጠግናሉ፣ ቆሻሻ ይጠርጋሉ፡፡

እርግጥ ነው፣ አንድ ቆርቆሮ ቀለም የተዘጋን ፋብሪካ አያስከፍትም፡፡ የአንድ ሳምንት ሥራም ተከታይ ካጣ ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል፡፡ ድርጅቱ ከአካባቢው ማኅበራትና ከትምህርት ቤቶች ጋር ተባብሮ የሚሠራው ስለዚህ ነው፡፡ እንግዳው ሲሄድ መደቡን ውሃ የሚያጠጡት የሰፈሩ ሰዎች ናቸውና፡፡

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል፡፡ ሰፈሩ ክንድ ይፈልጋል፤ ወታደሩም ክንዱን የሚፈልግለት ሰው ይሻል፡፡ ሁለቱ ሲገናኙ ትምህርት ቤቱ ይታደሳል፤ በዝምታ ተውጦ የከረመው ሰውም ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ የሚያወራላት የውሎ ወሬ ያገኛል፡፡