በቀለሟ አትለይም

ክረምት ሲገባ በድንጋይ ላይ ሽር የምትል፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀይ ነገር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትናከሳለች ወይ?» ብሎ ነው። ማይት ናት፤ ከነፍሳት ወገን ሳትሆን የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ። ስታድግ ስምንት እግር አላት፤ እንደተፈለፈለች ግን ስድስት ብቻ ስለሆነ ብዙዎችን ታሳስታለች።

ቀይ የሆኑት ማይቶች ብዙ ስለሆኑ ቀለሙ ብቻውን አያስታውቅም። ቦታዋና አካሄዷ ይሻላል። ፀሐይ በሞቀው ግንብ ላይ ወዲያ ወዲህ የምትራወጠው አብዛኛውን ጊዜ ባላውስቲየም ናት፤ የአበባ ብናኝና ጥቃቅን ነፍሳት ትበላለች። የፊት እግሮቿ ከሌሎቹ እጅግ ከረዘሙ ሣር የምትመጥ ብሪዮቢያ ናት፤ ስትጨፈለቅ መጋረጃ ታበላሻለች እንጂ ሰው አትነክስም። ከፈይ የለበሱ የሚመስሉት ደግሞ ትሮምቢዲየምና ዘመዶቿ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዳይኖትሮምቢየም ከ1 ሳንቲ ሜትር ታልፋለች፤ በካሊፎርኒያ በረሃ ዝናብ ሲጥል ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ከጉድጓዷ ወጥታ ክንፍ ያወጡ ምስጦችን በልታ ትመለሳለች። በፌንጣ ክንፍ ሥር ቀይ ጠብታ መስለው የሚጣበቁትም የከፈይ ለባሾቹ ልጆች ናቸው።

ሰውን የምታሳክከው የትሮምቢኩላ ልጅ ግን 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል። እንግዲህ በግልጽ የታየችው ሯጭ ብዙ ጊዜ ንጹህ ናት።

ቀለም ክፉኛ የሚያሳስተው በጽጌረዳ ቅጠል ላይ ነው። በዝዋይ የአበባ እርሻዎች ዋናዋ ጠላት ባለ ሁለት ነጥቧ ማይት ናት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሆና ከቅጠሉ ሥር ድር አድርታ በመንጋ ትቀመጣለች። ሰው ቀይ ሸረሪት ይላታል እንጂ መልኳ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ ሆኖ በጎንና ጎኗ ጥቁር ነጥብ አለው። ደማቋ፣ ብርቱካናማ ቀይ፣ ሆዷ ሞላ ያለ፣ እግሯ ረጅምና ሩጫዋ ፈጣን የሆነችው ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ናት። እሷን እርሻው ራሱ በግሪን ሃውስ ውስጥ የሚለቃት ተባዩን እንድትበላ ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሳያይ «ቀይ አገኘሁ» ብሎ መድኃኒት የሚረጭ ሠራተኛ አዳኟን ገድሎ መድኃኒት የለመደውን ተባይ ሊያተርፍ ይችላል። አዳኟ የምትኖረው ድር የሚያደሩትን ማይቶች በልታ ብቻ ነው፤ እነሱ ሲያልቁ እሷም ትራባለች፣ ስለዚህ ተባዩ ሲመለስ እንደገና መልቀቅ የግድ ይሆናል።