ያገለገሉ የጥንት የእሽቅድምድም ቢስክሌት መንኰራኵሮችን ስለ መግዛት

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ዓመታት በኢጣልያ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር የተሠሩ የእሽቅድምድም ቢስክሌት መንኰራኵሮች ዛሬ ከቢስክሌቱ ተነጥለው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሸጡና የሚገዙ ዕቃዎች ሆነዋል። ለፈላጊው መብዛት አንዱ ምክንያት በ1997 በኢጣልያ፣ በቶስካና አውራጃ፣ በጋዮሌ ኢን ኪያንቲ የተጀመረው «ኤሮይካ» የተባለው የአሮጌ ቢስክሌቶች ጉዞ ነው። ደንቡ በመሠረቱ ከ1987 በፊት የተሠራ ቢስክሌት ስለሚጠይቅ፣ ተካፋዩ መለዋወጫውንም ከዚያው ዘመን ይፈልጋል። ስለዚህ በጓዳው አሮጌ መንኰራኵር የሰቀለ ሁሉ ወርቅ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ነጋዴው ስሙን ብቻ አይቶ፣ ልኩንና ጤንነቱን ሳይመረምር የገዛ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡን ከማጣቱም በላይ በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያደርስ ዕቃ ይሸጣል።

መንኰራኵር ማለት ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም በመካከል ሆኖ በኩሽኔታ የሚሽከረከረው ሞዞ፣ ጎማውን የሚሸከመው ቸርኬና ሁለቱን የሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። (ሞዞም ኩሽኔታም ጎማም ፍሬንም ከኢጣልያኖች ቋንቋ የመጡ ቃላት ስለ ሆኑ፣ ከቪቼንሳ ሻጭ ጋር የሚጻጻፍ የአገራችን ነጋዴ ከሚያስበው ይልቅ ብዙ ቃል ያውቃል።) ከሦስቱ መካከል ዕድሜ ያለው ሞዞው ነው። ኩሽኔታው እየታጠበና ግራሶ እየተቀባ ከተያዘ ብዙ አሥር ዓመታት ያገለግላል፤ ቸርኬውና ሽቦው ግን በአገልግሎት ያልቃሉ። እንግዲህ ገዢው ሞዞ ብቻ እንደሚገዛ ቈጥሮ ዋጋ ቢሰጥና ቸርኬው ደኅና ሆኖ ሲገኝ እንደ ምርቃት ቢያየው አይጐዳም።

ከሞዞዎቹ ሁሉ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ቱሊዮ ካምፓኞሎ በ1933 በቪቼንሳ ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ ያወጣው «ሬኮርድ» ነው። ኩሽኔታውን አጥብቆ በሚይዘው ዳዶ ላይ ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ዓመት የሚያመለክቱ ሁለት አኃዞች ተመትተው ይገኛሉ፤ 68 ቢል 1968 ማለት ነው። ይሁን እንጂ ዳዶ ከአንዱ ሞዞ ወደ ሌላው በጥቂት ደቂቃ ስለሚዛወር፣ ቍጥሩን ብቻ አይቶ የተጠየቀውን መክፈል አይገባም። ይልቅስ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዞ በዝግታ ማዞር ነው። አሸዋ እንደ ገባበት የሚሻክር ከሆነ፣ ኩሽኔታው የሚንከባለልበት ሾጣጣ ብረት ተበልቷል፤ ይህ የሚለወጥ ነው። ሽቦዎቹ በሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች መካከል ፀጕር የመሰለ ስንጥቅ ከታየ ግን ሞዞው ሞቷል፤ መጠገኛ የለውም።

በኋላው ሞዞ ላይ ባለጥርሱ ማርሽ የሚጠመጠምበት ፊሌቶም እንደ አገሩ ይለያያል። የእንግሊዙ ስፋት 1.370 ኢንች፣ የኢጣልያው 35 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 24 መስመር አላቸው። ልዩነታቸው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ የአንዱ ማርሽ በሌላው ላይ ይገባል፤ ሆኖም እያለዋወጡ ማጥበቅ ፊሌቶውን ያላላዋል። የፈረንሳዩ 34.7 ሚሊሜትር ሆኖ ከመስመር እስከ መስመር 1 ሚሊሜትር አለው። የእንግሊዝ ማርሽ በፈረንሳይ ሞዞ ላይ በግድ የሚያጠብቅ ሰው ለስላሳውን አሉሚኒየም ልጦ ያወጣዋል፤ የሚበላሸውም ከብረት የተሠራው ማርሽ ሳይሆን ውዱ ሞዞ ነው።

አደጋው ይበልጥ ያለው ቸርኬው ላይ ነው። በእነዚህ መንኰራኵሮች ፍሬኑ የሚይዘው ራሱን ቸርኬውን ስለ ሆነ፣ የጎኑ ግድግዳ እየተፋቀ ይሳሳል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጎኑ ላይ ሲጋደም መካከሉ ጎድጕዶ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ ቸርኬው ምንም ያህል ቢወለወልና ቢያብረቀርቅ ለጌጥ እንጂ ለጉዞ አይሆንም፤ በቍልቍለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የጎማው ግፊት ግድግዳውን ሊገነጥለው ይችላል። ሽቦዎቹንም ሁለት ሁለቱን ጨምቆ መሞከር ያስፈልጋል። መንኰራኵሩ እየተወላገደ የሚዞረው ጥቂት ሽቦ ስለ ላላ ከሆነ ባለሙያ ያቀናዋል። ቀጥ ብሎ እየዞረ ግማሾቹ ሽቦዎች የላሉ፣ ግማሾቹ እጅግ የተወጠሩ ሆነው ሲገኙ ግን፣ አንድ ሰው የታጠፈውን ቸርኬ በሽቦ ጎትቶ ለገበያ አሳምሮታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን መተው ይሻላል።

ሌላው የልክ ነገር ነው። የጥንቱ የእሽቅድምድም ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ካላማዳሪው በውስጡ ተሰፍቶ በሙጫ ለሚለጠፍ ጎማ የተሠራ ስለ ሆነ ተራውን ጎማ አይዝም። የሚለጠፈው ጎማ በማይገኝበት ከተማ ለሚኖር ደንበኛ ይህን ሳይነግሩት መሸጥ ማታለል ነው። ተራ ጎማ ከሚይዙትም መካከል 700 የሚባለው የጎማ መቀመጫ 622 ሚሊሜትር፣ 27 ኢንች የሚባለው ደግሞ 630 ነው፤ በዓይን ሲታዩ መንታ ይመስላሉ፣ ጎማቸው ግን አይለዋወጥም። የኋላው ሞዞ ስፋት ብዙውን ጊዜ ባለ 5 ማርሹ 120፣ ባለ 6ና ባለ 7 ማርሹ 126፣ ከዚያ በኋላ የመጣው 130 ሚሊሜትር ነው።

ቸርኬው የማይረባ ከሆነ የሁለት ቸርኬ፣ የ72 ሽቦና የባለሙያ የእጅ ዋጋ ተደምሮ ከጥንዱ ዋጋ ላይ መቀነስ አለበት። ቀዳዳዎቹንም መቍጠር ይገባል። ብዙው ጥንድ በፊትም በኋላም 36 ወይም 32 ሽቦ ሲኖረው፣ እንግሊዞች ግን በፊተኛው 32፣ በኋለኛው 40 ያደርጉ ነበር፤ ባለ 40 ቀዳዳ ቸርኬ ዛሬ በቀላሉ አይገኝም።

ከሩቅ የሚያዝ ነጋዴ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የፊሌቶውን ዓይነት፣ የሞዞውን ስፋት፣ የቀዳዳውን ቍጥርና የጎማውን ዓይነት በጽሑፍ፣ የቸርኬውን ጎን ደግሞ ማስመሪያ ተጋድሞበት በፎቶግራፍ ይጠይቅ። ዕቃው ሲላክም ማጥበቂያው ከዘንጉ ወጥቶ ለብቻው እንዲጠቀለል፣ የዘንጉም ሁለት ጫፎች በወፍራም ካርቶን እንዲሸፈኑ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የአንዱ መንኰራኵር ዘንግ የሌላውን ሽቦ እየወጋ ይመጣል።