የአፍንጫ ሕመምና የባህል መድኃኒቶቻችን፤ ጥቅማቸውና ወሰናቸው

እንደ ጉንፋን የሚናቅ፣ እንደ ጉንፋንም ብዙ የሥራ ቀን የሚበላ ሕመም የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የደጋው ብርድ፣ የቆላው አቧራና የጓዳው ጭስ በየፊናቸው አፍንጫን ይፈታተኑታል። በጭነት መኪና ላይ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲቅም የዋለ ወታደር፣ ምድጃ ሥር ጎንበስ ብላ እሳት ስታራግብ የዋለች እናት፣ በጠባብ ክፍል ተጨናንቀው ሲማሩ የዋሉ ሕፃናት ማታ ወደየቤታቸው ሲገቡ ግንባራቸው ከብዶ፣ አፍንጫቸው ተደፍኖ፣ ድምፃቸው ሰልሎ ይገኛል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ፊቱን የሚመልሰው ጓሮ ወደ በቀለችው ቅጠል ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በሕዝባችን ዘንድ ሁለት ዓይነት አመለካከት ይታያል። አንዱ ወገን የአያቶቹን መድኃኒት ሁሉ ኋላ ቀር ነው ብሎ ይጥልና ትንሽ ባስነጠሰው ቁጥር ያለ ሐኪም ትእዛዝ የጸረ ተሕዋስያን እንክብል ይውጣል። ሌላው ወገን ደግሞ ቅጠሉ የማያድነው በሽታ የለም ብሎ በማመን፣ ሐኪም ቢደርስለት ይድን የነበረውን ሕመም ለወራት አምቆ ይይዛል። እንደኛ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ስተዋል። ቅጠሉ ሥራ አለው፤ ለሥራው ግን ወሰን አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያን ወሰን ማመልከት ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

አፍንጫ የአየር መግቢያ ቀዳዳ ብቻ አይደለም። የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ ከአቧራም ያጣራል። በግንባር፣ በጉንጭ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ በስተኋላ ባሉት አጥንቶች ውስጥ አየር የያዙ አራት ጥንድ ክፍተቶች አሉ። ሕዝቡ በልማድ የበሽታ ስም አድርጎ የሚጠራው «ሳይነስ» የሚለው ቃል በእርግጥ የነዚህ ክፍተቶች ስም ነው። ክፍተቶቹ የሚያመነጩት ፈሳሽ በጠባብ መተላለፊያ በኩል ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ጉንፋን ሲይዘን ወይም አቧራና የአበባ ብናኝ ሲያስቆጣን የአፍንጫው የውስጥ ልባስ ያብጣል፤ መተላለፊያው ይደፈናል፤ ፈሳሹም በውስጥ ይታቆራል። ጎንበስ ስንል ግንባራችንን የሚወጋን፣ ጉንጫችንንና የላይኛውን ጥርሳችንን የሚጠዘጥዘን በዚሁ ምክንያት ነው።

የሕመሙ መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው። በቫይረስ የመጣ ጉንፋን ወደ ባክቴሪያ ልክፈት የሚለወጠው በአዋቂዎች ዘንድ ከመቶው በሁለቱ ቢሆን ነው። የቀረው ሁሉ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ እየቀለለ ይሄዳል። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ቫይረስን ስለማይገድል፣ ለእያንዳንዱ ጉንፋን እንክብል መዋጥ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ያደርጋል። እንግዲህ በነዚህ አሥር ቀናት ውስጥ ሕመምተኛው የሚያሻው ማስታገሻ ነው። የባህል መድኃኒታችን እውነተኛ ቦታም ይኸው ነው።

ከጓሮ የሚገኘው ሀብት

አባቶቻችን ስለ ዕፀዋት የነበራቸው ዕውቀት በአፍ ብቻ የተላለፈ አልነበረም። በግዕዝና በአማርኛ በብራና የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍት ነበሩ። ፖላንዳዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ከነዚህ መጻሕፍት የተወሰኑትን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1968 ለኅትመት አብቅቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባዔም የባህል ሐኪሞች እንደየአስፈላጊነቱ ሥልጠና አግኝተው በመጀመሪያ ደረጃ የጤና አጠባበቅ እንዲሳተፉ በመግለጫው አመልክቷል። ስለዚህ ቅጠሉን አጥንቶ ማወቅ እንጂ መናቅ የሠለጠነ ሰው ምልክት አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ዳማከሴ ነው። የበሶብላ ዘመድ የሆነው ይህ ተክል በብዙ ሰው አጥር ሥር ይገኛል። ምች መታኝ የሚል ሰው ቅጠሉን አሽቶ ያሸተዋል፤ ጭማቂውን በቡና ይጠጣዋል፤ ገላውንም ይታሽበታል። የዳማከሴ ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳትን እንደሚያበርድ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በአይጥ የታየው ሁሉ በሰው ይሆናል ማለት ባይቻልም፣ የአያቶቻችን ግምት መሠረት የሌለው እንዳልነበረ ያመለክታል። ይሁን እንጂ በእጅ የታሸ ጥሬ ጭማቂ ወደ አፍንጫ ቀዳዳ መንጠብ ከቅጠሉ ጋር አፈርና ተሕዋስያን ስለሚያስገባ የሚደገፍ ልማድ አይደለም።

ጦስኝ በመንዝ፣ በጣርማ በርና በባሌ ደጋ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል መዓዛማ ተክል ነው። ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ተሕዋስያንን የሚከላከሉ ቅመሞች በዘይቱ ውስጥ ይገኛሉ። እንደ ሻይ ፈልቶ ትኩሱን ሲጠጡት ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ እንፋሎቱም ለአፍንጫ ይስማማል። ዝንጅብል በማርና በሎሚ ፈልቶ ሲጠጣም እንዲሁ ደረቅ ጉሮሮን ያርሳል፤ ሰውነትንም ያሞቃል። ነገር ግን አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር መስጠት አደገኛ መሆኑን እናቶች ሊያውቁት ይገባል።

ጤና አዳም ከቡና ስኒ የማይለይ የቤት ወዳጅ ነው። ለሽታ ያህል አንዲት ቅርንጫፍ መንከር ሌላ፣ ለመድኃኒት ብሎ በብዛት ጨምቆ መጠጣት ሌላ ነው። ጤና አዳም ማሕፀንን የማኮማተር ኃይል ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት ከቶ ለመድኃኒትነት ልትጠጣው አይገባትም። ነጭ ሽንኩርት በምግብም ሆነ በሻይ ቢወሰድ ችግር የለውም፤ ፍሬውን ልጦ በአፍንጫ ቀዳዳ መወተፍ ግን ስሱን ልባስ ያቃጥላል። ሽንኩርቱ ሲወጣ የሚወርደው ፈሳሽም ብዙ ሰው እንደሚያስበው የወጣ በሽታ ሳይሆን የተቃጠለው ልባስ እንባ ነው።

ስለ መታጠን

መታጠን ሲባል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ፤ አንዱ በጭስ፣ ሁለተኛው በእንፋሎት መታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሀገራችንን መትቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቷል። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተሰኘው ልማድ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይነገራል። አካባቢን ከጉድፍ ማጽዳት መልካም ነው። ጭሱ ግን ለታመመ አፍንጫ ጠላት እንጂ መድኃኒት አይደለም፤ ያበጠውን ልባስ ይበልጥ ያስቆጣዋል። የቀበርቾ ሥር ለራስ ምታትና ለምች ማጨስም እንዲሁ ነው። በዚያም ላይ ቀበርቾ ሥሩ በተቆፈረ ቁጥር ተክሉ ስለሚሞት ከየተራራው እየተመናመነ ሄዷል።

በእንፋሎት መታጠን ከዚህ ይለያል። ለዚህ ተግባር ሕዝቡ ከሁሉ የሚመርጠው የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ይህ ዛፍ ከአውስትራሊያ ተነሥቶ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ሀገራችን ገባ፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። በቅጠሉ ውስጥ ሲኒዮል የተባለ ዘይት አለ። ዘይቱ በአፍንጫ ውስጥ የቅዝቃዜ ስሜት ስለሚፈጥር አየሩ እንደ ልብ የገባ ይመስለናል። ዕረፍት ይሰጣል፤ በሽታውን ግን ከሥሩ አይነቅልም። በእንግሊዝ አገር 871 ሕመምተኞችን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ሳይነስ ለሚመላለስባቸው ሰዎች እንፋሎት ብቻውን ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ፣ በጨው ውሃ መታጠብ ግን በመጠኑም ቢሆን እንደረዳ አሳይቷል።

መታጠን የሚወድ ሰው ማሰሮውን ከእሳት አውርዶ በማይናወጥ መሬት ላይ ያኑረው፤ ፊቱንም ከውሃው ያርቅ። ሕፃናትን ከፈላ ውሃ በላይ በብርድ ልብስ ሸፍኖ ማጠን ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ከጉንፋን ለመዳን ተብሎ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን ጠባሳው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። የባሕር ዛፍ ዘይት ተነጥሮ በጠርሙስ የሚሸጠውም መርዝነት ስላለው አይጠጣም፤ በሕፃናት አፍንጫም አይቀባም።

ጨውና ውሃ

ከሁሉ የረከሰውና ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው መድኃኒት ከማንም ጓዳ የማይታጣው ጨው ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይፈላል። ውሃ በደጋ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሊያቆየው ይገባል፤ በቆላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያም ዘጠኝ ግራም ያህል፣ ማለት አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመርበትና ለብ እስኪል ይቀዘቅዛል። ሕመምተኛው ራሱን ወደ ጎን አዘንብሎ፣ በአፉ እየተነፈሰ፣ በላይኛው ቀዳዳ ቀስ አድርጎ ያፈስሰዋል፤ ውሃው በሌላው ቀዳዳ ይወርዳል። ዕቃው ሁልጊዜ መታጠብና መድረቅ አለበት። ያልፈላ የወንዝ፣ የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ ለዚህ ሥራ አይውልም፤ በአፍንጫ ገብቶ አንጎልን የሚያጠቃና ከጥቂቶች በቀር የያዘውን ሁሉ የሚገድል ነፍሳት በውሃ ውስጥ ሊኖር ይችላልና።

ወሰኑ የት ላይ ነው?

አንድ ጊዜ በአንድ የደጋ ገበያ ውስጥ ቅጠልና ሥር የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ከአንድ ወጣት ጋር ሲነጋገሩ ሰምተናል። ወጣቱ፣ «እማማ፣ ለሳይነስ የሚሆን ይኖርዎታል?» ሲል ጠየቃቸው።

«ስንት ቀን ሆነህ ልጄ?»

«ወሩን ሊደፍን ነው፣ እማማ።»

«በሁለቱም ነው ወይስ ባንዱ?»

«በግራው ብቻ። ደምም ቅልቅል ይለዋል።»

አሮጊቲቱ ያነሡትን እስር ቅጠል መልሰው አኖሩት። «እንግዲያው ገንዘብህን ያዝ። ይህ የኔ ቅጠል የሚያነሣው አይደለም። ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ዛሬውኑ ሂድ» አሉት።

እኒህ ሴት ትምህርት ቤት ገብተው ይሁን አይሁን አላወቅንም። የጠየቋቸው ጥያቄዎች ግን ማንኛውም የአንገት በላይ ሐኪም የሚጠይቃቸው ናቸው። ሕመሙ አሥር ቀን አልፎት ካልቀለለ፣ ወይም ተሽሎት የነበረው ሰው እንደ ገና ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ከተመለሰበት የቅጠል ጊዜ አብቅቷል። የተደፈነው አንዱ ቀዳዳ ብቻ ሆኖ የሚከረፋ ፈሳሽ የሚወርደው ሕፃን ብዙ ጊዜ አፍንጫው ውስጥ ሽምብራ ወይም ባቄላ ከትቶ ይገኛል፤ ይህን የሚያወጣ ቅጠል የለም። ከምንጭና ከወራጅ ውሃ በአፉ ተደፍቶ የጠጣ እረኛ ወይም መንገደኛ አፍንጫው አልፎ አልፎ ቢደማ አልቅት ገብቶበት ሊሆን ይችላል። በአዋቂ ሰው ላይ በአንድ ወገን ብቻ የሚታይ የማይለቅ መደፈንና መድማት ደግሞ ለከባድ ዕጢ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከነዚህም ሁሉ የሚያጣድፉ ምልክቶች አሉ። የዓይን ዙሪያ ማበጥና መቅላት፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ የማያቋርጥ ብርቱ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ እንቅልፋምነትና የአእምሮ መታወክ ልክፈቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንጎል እየተሻገረ መሆኑን ያመለክታሉ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ማደር የለበትም። በሰዓታት መዘግየት ዓይን ሊጠፋ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል።

ከተሜውም ከፋርማሲ በሚገዛው የአፍንጫ ጠብታ ረገድ ራሱን ይጠብቅ። አፍንጫን ባንዴ የሚከፍተው ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ እብጠቱን መልሶ ያባብሰዋል፤ ሰውዬውም ያለ ጠብታው መተንፈስ ወደማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። ወሰን ያለው የአያት ቅጠል ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ጦስኙ ይፍላ፤ ዳማከሴውም ከአጥር ሥር አይነቀል። የጨው ውሃው በየቤቱ ይለመድ። ምድጃው ጭስ መውጫ ይበጅለት፤ አቧራ ላይ የሚውል ሠራተኛም አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፤ ያልታመመ አፍንጫ መድኃኒት አይሻምና። የታመመ ሰው ሲኖር ደግሞ ከቤተሰቡ አንዱ ቀኑን ይቁጠር። አሥረኛው ቀን ካለፈ፣ ደም ከታየ ወይም ዓይን ካበጠ ማሰሮውን ከእሳት አውርዶ ሕመምተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ የቤተሰቡም የጎረቤቱም ግዴታ ነው።