ለሕሙማን ስለሚሰበሰብ ገንዘብ

ቀወት በይፋት ቈላ ያለች አገር ናት። ከደብረ ሲና በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል፤ በወረዱም ቍጥር አየሩ ይሞቃል። በዚያ ማሽላና ማሾ ይዘራል፤ ውኃ በሚደርሰውም መሬት ሽንኩርት ይተከላል። ክርስቲያንና እስላም በአንድ አገር ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ፤ ገበያቸውም አንድ ነው።

በገጠር ሰው በጽኑ ሲታመም ጎረቤት ይጠራራል። ሁለት ረዣዥም እንጨቶች በጠፍር ወይም በገመድ ይያያዛሉ፤ በላዩም ጨርቅ ይነጠፋል፤ ይህም ቃሬዛ ይባላል። በሽተኛው በቃሬዛው ላይ ይተኛል፤ አራት ጐልማሶችም በትከሻቸው ያነሡታል። እነዚህ ሲደክማቸው ሌሎች አራት ይቀበሏቸዋል። መኪና ከሚያልፍበት መንገድ እስኪደርሱ ድረስ እንዲህ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ተሸካሚዎቹ ደመወዝ አይቀበሉም። ዛሬ የተሸከመው ነገ ቢታመም ሌላው እንደሚሸከመው ያውቃል። አምቡላንስ በሚገባበት ስፍራ ቃሬዛ እየቀረ ሄዷል፤ ገደልና ወንዝ ባለበት ግን ዛሬም አልቀረም።

አሁን አንዲት እናት በምጥ ተይዛ በቃሬዛ ወጣች፤ ከዚያም በመኪና ሆስፒታል ደረሰች እንበል። ጎረቤቶቿ ሥራቸውን ፈጽመው ላባቸውን ጠረጉ። ነገር ግን ሆስፒታል መድረስ ብቻውን መዳን አይደለም። ሐኪሙ የሚለብሰው ጓንት በገንዘብ ይገዛል። ቍስል የሚሰፋበት ክር፣ የሚያደነዝዘው መድኀኒት፣ አንሶላው የሚታጠብበት ሳሙና፣ ሁሉም በገንዘብ ይገዛል። ሌሊቱን ሳትተኛ የምትጠብቃት አስታማሚ ነርስም በቤቷ እንጀራ የሚጠብቋት ልጆች አሏት። እንግዲህ የጎረቤት ትከሻ የሚያደርሰው እስከ ሆስፒታሉ በር ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን ሸክም የሚሸከመው ማን ነው?

አንዱን ክፍል መንግሥት ከሕዝብ ከሚሰበስበው ግብር ይከፍላል። አንዱን ክፍል በሽተኛው ራሱ ወይም ዘመዱ ይከፍላል። እነዚህ ሁለቱ ሳይበቁ ሲቀሩ ሦስተኛው ይፈለጋል፤ ይኸውም ሰዎች በፈቃዳቸው የሚሰጡት ገንዘብ ነው። ይህ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከባለጠጋ ሳጥን ብቻ አይወጣም። ሁለት መቶ ቤተ ሰብ በየወሩ 5 ብር ቢያዋጣ በወር 1000 ብር፣ በዓመትም 12000 ብር ይሆናል። አምስት ብር ብቻዋን ብዙ ሥራ አትሠራም፤ ከብጤዎቿ ጋር ስትቈጠር ግን በር ትከፍታለች።

ይህ በኢትዮጵያ እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር ነበሩ። በዚያም የንጉሥ ልጅ ነኝ ብለው ሳይቀመጡ፣ በለንደን በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የአስታማሚነት ሥራ ተማሩ። አገራቸው ነጻ ከወጣች በኋላ ተመለሱ፤ ባል አግብተውም ወደ ወለጋ ሄዱ። በ1942 ግን ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምቴ ዐረፉ፤ ገና 23 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ሕሙማንን ለመርዳት የተማሩት ልዕልት፣ በአገራችን እጅግ ብዙ እናቶችን በገደለው በዚያው ሕመም ሞቱ።

በእንግሊዝ አገር ሲልቪያ ፓንክኸርስት የተባሉ ሴት ነበሩ። ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ፣ በ1936፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚከራከር ጋዜጣ ያቋቋሙ ናቸው። ልዕልቲቱ ባረፉ ጊዜ በስማቸው በአዲስ አበባ ሆስፒታል እንዲሠራ ከሌሎች ጋር ሆነው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። ደብዳቤ ጻፉ፤ ስብሰባ ጠሩ፤ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም አስረዱ። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ራሷ ጦርነት ላይ ነበረች፤ ሕዝቧም ምግቡን በራሽን ይቀበል ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ሩቅ አገር ሕሙማን ገንዘብ መለመን ቀላል ሥራ አልነበረም። ሥራውም ብዙ ዓመት ፈጀ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የተከፈተው በ1951 ነው። ሲልቪያ ፓንክኸርስትም በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ኖሩ፤ በ1960 ሲያርፉም በአዲስ አበባ ተቀበሩ።

ከዚያ ሆስፒታል ሌላ ነገር በቀለ። በ1959 ሁለት ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ አዋላጆችን ለማስተማር ወደዚያ መጡ። ካትሪን ሃምሊን ከአውስትራልያ፣ ባላቸው ሬጅናልድ ሃምሊን ከኒው ዚላንድ ነበሩ። ውላቸው የሦስት ዓመት ብቻ ነበር። ነገር ግን በዚያ በፊት ያላዩትን ሕመም አዩ። በምጥ ብዙ ቀን የቈየች ሴት አዋላጅ ካላገኘች ሰውነቷ በውስጥ ይጎዳል፤ ሕፃኑም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቋጠር ይሳናታል። ይህ ሕመም ፊስቱላ ይባላል። ሴቲቱ በደል ሳይኖርባት ታፍራለች፤ ከሰውም ትርቃለች። ሐኪሞቹ ይህ በቀዶ ሕክምና እንደሚድን ያውቁ ነበር። ለነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ያስፈልግ ነበር፤ ሴቶቹ ግን የሚከፍሉት ገንዘብ የላቸውም።

ስለዚህ ባልና ሚስቱ ሐኪሞች ገንዘብ ለማኞችም ሆኑ። ወደ አገራቸውና ወደ ሌሎችም አገሮች ደብዳቤ ጻፉ፤ እየሄዱም ተናገሩ። የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በ1974 ተከፈተ፤ በዚያም በሽተኛዋ ለሕክምናዋ አትከፍልም። ሬጅናልድ ሃምሊን በ1993 ዐረፉ፤ ካትሪን ግን በሥራቸው ጸኑ። በ2001 ስለ ሆስፒታሉ መጽሐፍ አወጡ፤ በ2004 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርበው በተናገሩ ጊዜም ስለ ሆስፒታሉ ሰምተው የማያውቁ ብዙ ሰዎች ገንዘብ ላኩ። በ2005 በባሕር ዳር፣ ከዚያም በሌሎች ከተሞች ቅርንጫፎች ተከፈቱ። እስከ ዛሬ ከ60000 የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል። ካትሪን ሃምሊን በ2020 በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከታከሙት መካከል የአንዲቱ ነገር ሊነገር ይገባል። ማሚቱ ጋሼ በገጠር የተወለደች፣ ፊደል ያልቈጠረች ልጅ ነበረች። በመጀመሪያ ወሊዷ ተጎድታ ወደ ሃምሊኖች ዘንድ መጣች። ከታከመች በኋላም እዚያው ቀርታ መኝታ ማንጠፍና ሕሙማንን መርዳት ጀመረች። ቀጥላ በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ታቀብል ነበር፤ ታይም ነበር። ቀስ በቀስም እጇን አስለመዷት። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ቀዶ ሕክምና የምታደርግ፣ ከሌላ አገር የመጡ ሐኪሞችንም የምታሳይ ሆነች። በ1989 በለንደን ያለው የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። ማንበብና መጻፍ ስለ ፈለገችም የማታ ትምህርት ቤት ገባች። ያን ሆስፒታል በገንዘባቸው የረዱ ሰዎች አንዲት በሽተኛ እንድትድን ሰጡ፤ ከእርስዋ ጋር ሐኪም ጨምረው እንዳገኙ ግን አላወቁም።

ከዚህም የተነሣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለበሽተኛ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛም መዋል እንዳለበት ይታያል። ፊስቱላን ማከም መልካም ነው፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ይበልጣል፤ የሚከለክለውም በጊዜው የሚደርስ አዋላጅ ነው። ስለዚህ በ2007 የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ያለ ክፍያ ይማራሉ፤ ሲመረቁም ወደ ገጠር ተመልሰው ያዋልዳሉ። ለኮሌጅ የሚሰጥ ሰው ግን ለበሽተኛ ከሚሰጠው ይልቅ በጭንቅ ይገኛል። ሰው የሚያየው ቍስል ቶሎ ያራራዋል። የአስተማሪ ደመወዝና የተማሪ ደብተር እንባ አያስፈስሱም። እንዲያውም አንዳንዱ፣ «ገንዘቤ ለደመወዝ እንዳይውል» ብሎ አዝዞ ይሰጣል። ይህ ሰው ደግ ነው፤ ነገር ግን ቢላዋ ብቻውን ቀዶ እንደማያክም አላሰበም።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ ለማግኘት የሚያስቸግረው ምርምር ነው። ምርምር ማለት ገና ያልታወቀውን የበሽታ ምክንያትና መድኀኒት በትዕግሥት መፈለግ ነው። ዐሥር ዓመት ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። በአጕሊ መነጽር ላይ ጐንበስ ብሎ የሚውለው ሰው በሽተኛ አይዳብስም፤ መነጽሩም አያለቅስም። ለዚህ ገንዘብ ስጡ ቢባል ብዙ ሰው ይጠራጠራል።

የሥጋ ደዌ ነገር ግን ጥርጣሬውን ይመልሳል። ከጥንት ጀምሮ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ከዘመዱ ተለይቶ በመንገድ ዳር ይለምን ነበር፤ ብዙ ሰውም እርግማን ነው ይለው ነበር። በ1873 አርማወር ሃንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም በዓይን በማትታይ ረቂቅ ተሕዋስ እንደሚመጣ አሳየ። በአዲስ አበባ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ግቢ፣ አለርት የተባለው ማሠልጠኛ በ1965 ተቋቋመ። በ1970 ደግሞ በዚያው አጠገብ በዚያ በኖርዌዩ ሐኪም ስም አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ቆመ። ያቋቋሙትም የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ማኅበሮች ናቸው። በበረዶ አገር ያሉ ሰዎች ለማኅበሮቻቸው የሰጡት ገንዘብ በአዲስ አበባ መነጽርና የመመርመሪያ ዕቃ ሆነ።

በዚያን ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዳፕሶን የሚባል ኪኒን ለብዙ ዓመት ይውጡ ነበር። በ1970ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ተሕዋሲቱ ይህን መድኀኒት እየለመደችው እንደ መጣች አስተዋሉ፤ ኪኒኑን የዋጠ ሰው ሁሉ አይድንም ነበር። በሌላም አገር ያሉ ሐኪሞች እንዲሁ ተረዱ። በ1981 የዓለም የጤና ድርጅት ሐኪሞች አንድ መድኀኒት ብቻ መስጠት ትተው በአንድነት ልዩ ልዩ መድኀኒት እንዲሰጡ መከረ። ዛሬ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ቶሎ ቢመጣ በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። ከ1995 ጀምሮም መድኀኒቱ በነጻ ይታደላል፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪውን የከፈለው ኒፖን የሚባለው የጃፓን በጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። የምርምር ተቋሙ ደግሞ በ2004 ወደ ኢትዮጵያ የጤና ሚኒስቴር ተዛወረ፤ የሳንባ ነቀርሳንና ሌሎችንም በሽታዎች ይመረምራል፤ የቈላ ሰው እጅግ የሚያውቃት ወባም ከነርሱ አንዷ ናት።

ሰጪው ከራቀ፣ ገንዘቡ በመንገድ እንዳይጠፋ ማን ይጠብቃል? ሰብሳቢው የሚቀበለው ብር ብቻ አይደለም፤ አደራም ነው። ስለዚህ ለሰጪው ደረሰኝ ይሰጠዋል። ሳጥኑን አንድ ሰው ብቻውን አይከፍተውም፤ ሁለትና ሦስት ሆነው ይከፍቱታል፤ የቈጠሩትንም በመዝገብ ይጽፋሉ። በዓመቱም ከሥራው ውጭ የሆነ ሒሳብ ዐዋቂ መዝገቡን ይመረምራል። ገንዘቤ ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ ሰጪ ንፉግ አይባልም፤ ሳይመለስለት የቀረ እንደ ሆነ ግን ሁለተኛ አይሰጥም። በዚያን ጊዜ የሚጎዳው ሒሳቡን ያበላሸው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በቃሬዛ ላይ ያለው ነው።

በፊስቱላ ሆስፒታል አንዲት ሴት ድና ስትወጣ አዲስ ቀሚስ ይሰጧታል፤ ወደ አገርዋም የምትመለስበትን የአውቶቡስ ዋጋ ይከፍሉላታል። ቤትዋ በይፋት ቢሆን አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን አልፎ በጣርማ በር ዋሻ ይገባል፤ ከዋሻው ወጥቶ ደብረ ሲናን ያልፋል፤ ከዚያም እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ሙቀቱ ሲሰማት አገርዋ እንደ ቀረበ ታውቃለች። ሮቢት ላይ ትወርዳለች፤ በቃሬዛ ተይዛ በወጣችበት መንገድም በእግርዋ ትሄዳለች። የአውቶቡሷን ዋጋ የሰጠው ሰው ምናልባት በአውስትራልያ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ የሚኖር ነው፤ ሮቢት የምትባል ከተማ መኖርዋንም አያውቅም።